ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ፦ ስለ ካርፓል ታነል የጠየቃችሁን

የዚህ ወር የጤና ደብዳቤዎቻችን በእጅ መደንዘዝ ተሞልተዋል። የሚመሳሰሉትን አጣምረን፣ ስም አስቀርተን አቅርበናቸዋል። አብዛኛው ጠያቂ "ነርቭ ነው" ተብሎ ቫይታሚን ታዝዞለታል፤ የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ የጠየቀው ሰው ግን የለም። መልሳችን ከዚያ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀኝ እጄ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል። ሳራግፈው፣ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ሳንጠለጥለው ይለቀኛል። አንዷ ጎረቤቴ "ብርድ መቶሽ ነው" አለችኝ፤ ፋርማሲ ደግሞ "ነርቭ ነው" ብለው የቫይታሚን መርፌ ተወጋሁ። ለውጥ የለም። ወጌሻ ጋ ልሂድ?

መልስ፦ ወጌሻው ይቆይ። ሌሊት ቀስቅሶ ሲያራግፉት የሚለቅ መደንዘዝ በሕክምናው ዘንድ በደንብ የታወቀ ምልክት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ካርፓል ታነል ሲንድረም ነው።

በእጅ አንጓ የመዳፍ በኩል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው ትናንሽ አጥንቶች ናቸው፤ ጣሪያው ደግሞ የማይለጠጥ ወፍራም ማሰሪያ ነው። በዚህ ውስጥ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ነርቩ ሚዲያን ይባላል። የጅማቶቹ ሽፋን ሲወፍር ወይም ሰውነት ውሃ ሲይዝ መተላለፊያው ሊሰፋ ስለማይችል የሚጨመቀው ነርቩ ነው። በጤነኛ ሰው ላይ አንጓው ቀጥ ብሎ ሲያርፍ እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነው። በታማሚ ላይ ወደ 30 ይጠጋል፤ አንጓው ሲታጠፍ ደግሞ ከ90 ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ግፊት ነርቩን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ነርቩም ደም ሲያጣ ይደነዝዛል። ሌሊት የሚብሰው ብዙዎቻችን አንጓችንን አጥፈን ስለምንተኛ ነው። ብርድ አልመታዎትም።

ቀጥሎ ካርታውን ይሥሩ። ወረቀት ላይ የእጅዎን ቅርጽ በስክሪብቶ ያንሱና ራስጌዎ ያስቀምጡት፤ ሌሊት ሲነቁ የደነዘዘውን ቦታ ብቻ ያጥቁሩ። ሚዲያን ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ጠቋሚን፣ የመሃል ጣትንና ከቀለበት ጣት በመሃል ጣት በኩል ያለውን ግማሽ ነው። ትንሿ ጣት የእርሱ ድርሻ አይደለችም። የመዳፍ መሃልም አብዛኛውን ጊዜ አይደነዝዝም፤ ወደዚያ የሚሄደው ቅርንጫፍ ከመተላለፊያው በፊት ተገንጥሎ በውጭ በኩል ያልፋልና። ሕመሙ ራሱ ወደ ክንድ አልፎ አልፎም ወደ ትከሻ ሊወጣ ስለሚችል የሕመሙ ቦታ አያደናግርዎ። የሚፈርደው የድንዛዜው ቦታ ነው።

ከዚያ እነዚህን ይሞክሩ። የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥመው ጣቶችን ወደ ታች፣ ክርኖችን ወደ ጎን አድርገው አንጓዎቹ እንደታጠፉ 60 ሴኮንድ ይቆዩ። ይህ የፋሌን ፈተና ይባላል፤ አወንታዊ የሚሆነው በተጠቀሱት ጣቶች ላይ መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ሲመጣ ነው፤ አንጓ ላይ ሕመም ብቻ መሰማቱ አይቆጠርም። ቀጥሎ አንጓው ላይ ካለው የቆዳ እጥፋት መሃል በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይምቱ፤ እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ጣት የሚነዝር ከሆነ የቲኔል ምልክት አለ ይባላል። ሦስተኛው የጥንካሬ ፈተና ነው። መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉና አውራ ጣትን ቀጥ አድርገው ወደ ጣሪያው ያንሱ፤ ሌላ ሰው በጣቱ ወደ ታች ይግፋው። ከሌላኛው እጅ ቶሎ የሚሸነፍ ከሆነ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ጎድጎድ ካለ ጡንቻው ነርቩን እያጣ ነው። መጨረሻ ላይ የወረቀት ማያያዣ አግራፍ ዘርግተው ሁለቱን ጫፎች 6 ሚሊ ሜትር ያራርቁ፤ ዓይን ተከድኖ የጣት ጫፍ በቀስታ ሲነካ ሁለት ሆኖ መሰማት አለበት። አንድ ብቻ ከመሰለ ስሜቱ ቀንሷል።

ሐኪሞች እነዚሁኑ በነጥብ ያሰሏቸዋል። በሚዲያን ድርሻ ውስጥ መደንዘዝ 3.5፣ ሌሊት መደንዘዝ 4፣ የአውራ ጣት ጡንቻ መድከም ወይም መሟሸሽ 5፣ ፋሌን 5፣ የሁለት ነጥብ ስሜት መጥፋት 4.5፣ ቲኔል 4፤ ድምሩ 26 ነው። ከ12 ጀምሮ በሽታው ካርፓል ታነል የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እርስዎ ከጻፉልን ውስጥ የሌሊቱ 4 ነጥብ በእጅዎ አለ፤ ካርታው ከሠመረ 7.5 ይሆናል፤ ፋሌን ከተጨመረ 12.5። ነጥቡ ምርመራን ለማሳጠር የተሠራ ነው፤ ሐኪም ሳያይዎት መድኃኒት እንዲጀምሩበት አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይም ፋሌን ወይም ቲኔል ብቻውን አወንታዊ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቫይታሚኑ። ቢ6 ለካርፓል ታነል ከባዶ (መድኃኒት ከሌለው) እንክብል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ይባስ ብሎ ከመጠን ያለፈ ቢ6 ራሱ ነርቭ ይጎዳል። በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 100 ሚሊ ግራም ሲሆን ገበያ ላይ ያሉ አንዳንድ የቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ድብልቅ እንክብሎች ግን በአንዱ ብቻ 200 ሚሊ ግራም ቢ6 ይይዛሉ። ቢ6 ቦታ አለው፤ ለምሳሌ የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ ለሚወስዱ ሰዎች ነርቫቸው እንዳይጎዳ አብሮ ይሰጣል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ሥራዎ። ችግሩ እጅ መሥራቱ ብቻ አይደለም፤ አጥብቆ መያዝና አንጓን አጥፎ መቆየት አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ሊጥ በትልቅ ዕቃ ሞልተው በአንድ እጅ ከማፍሰስ እጀታ ባለው አነስተኛ ጆግ ይቅዱ። አክንባሎውን በጣት ጫፍ ቆንጥጠው አያንሱ፤ እጀታውን ወፈር አድርገው በጨርቅ ጠቅልለው በሙሉ እጅ ይያዙ። ልብስ መጭመቅን ለጊዜው ለሌላ ይተዉ፤ አንጓን ከሚጎዱ የቤት ሥራዎች አንዱ እርሱ ነውና። ወጌሻ አሽቶ ወይም ስቦ መተላለፊያውን ሊያሰፋ አይችልም፤ ያበጠውን ቦታ አጥብቆ ማሸት ደግሞ እብጠቱን ይጨምራል።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ የደም ስኳርና የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። ስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ሪህ፣ ውፍረትና የቀድሞ የአንጓ ስብራት ለዚህ በር ከሚከፍቱት መካከል ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አስተማሪ ነኝ። ምልክቴ ሁሉ ካርፓል ታነል ይመስላል፤ በኤሌክትሪክ የተደረገው የነርቭ ምርመራ ግን "ኖርማል" ተባለ። ታዲያ የለብኝም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሽታው ገና ቀላል ሲሆን ምርመራው ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ምክንያቱም የሚለካው በጣም ፈጣኖቹን የነርቭ ክሮች ነው፤ እነሱ ደህና ሆነው ሌሎቹ እየታመሙ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ከአንጓው በላይ ትንሽ ንዝረት ይሰጥና ምልክቱ አውራ ጣት ሥር ወዳለው ጡንቻ የሚደርስበት ጊዜ ይለካል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ4.4 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ በላይ የሆነውን የዘገየ ይሉታል። ውጤትዎ ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ሚዲያን ትንሿን ጣት ከሚያገለግለው ከአልናር ነርቭ ጋር በአንድ እጅ ላይ ተነጻጽሯል ወይ? ለምሳሌ የቀለበት ጣት ከሁለቱም ነርቮች ስለሚካፈል በሁለቱም መንገድ ተለክቶ ልዩነቱ ይታያል። ይህ ንጽጽር ከተናጠል ልኬት ይልቅ ቀላሉን በሽታ ይይዛል፤ ካልተሠራ እንዲሠራ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የእጅ ሙቀት ተጽፏል ወይ? ከ32 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ እጅ የነርቭን ፍጥነት ያዘገያል፤ ያኔ ስህተቱ በተቃራኒው ይመጣል፣ ጤነኛውን ታማሚ ያስመስለዋል። እጅን በሞቀ ውሃ አሙቆ መለካት ይበቃል።

አልትራሳውንድም አማራጭ ነው፤ ነርቩ ወደ መተላለፊያው ሲገባ ስፋቱ ከ10 ካሬ ሚሊ ሜትር አካባቢ ካለፈ ማበጡን ያመለክታል። መርፌ የለውም፣ መተላለፊያው ውስጥ እጢ ወይም ያበጠ የጅማት ሽፋን ካለም ያሳያል።

የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ላይ ስድስቱ የነጥብ መለኪያዎች የኤሌክትሪኩን ወይም የአልትራሳውንዱን ምርመራ እንደ ልማድ ከማዘዝ ይልቅ ለምርመራ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አስፍሯል። የኤሌክትሪክ ምርመራ በእውነት የሚያስፈልገው ምልክቱ ሲደበላለቅ፣ አንገት ሲጠረጠር፣ ወይም ኦፕራሲዮን ሲታሰብ መነሻውን ለመመዝገብ ነው። አንገትን በተመለከተ፦ ጭንቅላት ወደ ጎን ሲዞር ወይም ወደ ኋላ ሲቀና ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም፣ ወይም ክንድን የሚያጥፈው ወይም የሚዘረጋው ጡንቻ መድከም ካለ ችግሩ አንጓ ላይ ላይሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው የሚገኙበትም ሰው አለ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ፋርማሲ የእጅ አንጓ ድጋፍ ገዝቼ ሌት ተቀን አሥሬ ዋልኩ። ጭራሽ ባሰብኝ። ለምን?

መልስ፦ እህታችን፣ ዕቃው ጥሩ ነው፤ ቅርጹ ነው የከዳዎት። ብዙዎቹ ድጋፎች የሚሠሩት ለወለምታ ነው፤ በመዳፍ በኩል ያለው ስስ ብረት አንጓውን ወደ ኋላ 20 ወይም 30 ዲግሪ ቀልብሶ ይይዘዋል። ለእርስዎ ግን አንጓው ቀጥ ማለት አለበት፤ ወደ ኋላ ሲቀለበስም መተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ብረቱን ከኪሱ ያውጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ተጭነው ያቃኑትና ይመልሱት። ካደረጉት በኋላ ከጎን ሆነው ሲያዩት የክንድዎ ጀርባና የእጅዎ ጀርባ አንድ መስመር መሥራት አለባቸው።

ቀጥሎ ጥብቀቱን ይፈትሹ። ማሰሪያው ሥር አንድ ጣት በቀላሉ መግባት አለበት፤ ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ ወይም ከጠቆሩ በጣም ጠብቋል። የጫፉ ጠርዝ መዳፍ ውስጥ ካለው ዋና የቆዳ መስመር ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጣቶች ሲታጠፉ ይይዛቸዋል።

ሲተኙ ያድርጉት፣ ጠዋት ያውልቁት። ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ማሰር ጡንቻውን ያሰንፋል፤ ከዚህም በላይ አንጓዎ ከድጋፉ ጋር እየታገለ የበለጠ ኃይል ይጠቀማል። ከባድ ዕቃ ለሚያነሱባቸው ሰዓታት ብቻ ቢያደርጉት ይበቃል። ፍርዱን ለመስጠት ቢያንስ 6 ሳምንት ይጠብቁ፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ ይጥለዋል። ድጋፍ ማግኘት ካልቻሉ ወፍራም ካርቶን ከክንድ መሃል እስከ መዳፍ መስመር ቆርጠው በፎጣ ጠቅልለው በፋሻ ቢያስሩት ለጥቂት ሌሊቶች ያገለግላል።

የበሽታ መቆጣት ማስታገሻ ክኒኖች፣ ለምሳሌ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ ለዚህ ጉዳይ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አልታየባቸውም። ለወራት በየቀኑ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይነካል እንጂ ነርቩን አይፈታም።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ማውስ ነው ያመጣብኝ?

መልስ፦ ምናልባት አይደለም። በኃይል መጨበጥ፣ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያና የታጠፈ አንጓ ያላቸው ሥራዎች ከበሽታው ጋር ያላቸው ግንኙነት ጠንካራ ነው፤ የኮምፒውተር ሥራ ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ማውሱን ለማስተካከል የሚያወጡትን ገንዘብ ለደም ስኳርና ለታይሮይድ ምርመራ ያውሉት።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሁለቱም እጆቼ ይደነዝዛሉ። ለልጁ ያሰጋዋል?

መልስ፦ ለልጁ አያሰጋም። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ሰውነት ውሃ ሲይዝ መተላለፊያው ይጠብባል፤ ከወሊድ በኋላ ለአብዛኞቹ እናቶች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሻላል፤ በሚያጠቡ እናቶች ላይ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ቀጥ ያለውን ድጋፍ ማታ ማታ ያድርጉ፤ ሲተኙ እጅዎን በትራስ ከፍ ያድርጉ። እንቅልፍ ጨርሶ ከነሳዎ አንድ የስቴሮይድ መርፌ አንጓው ላይ በሐኪም ሊሰጥ ይችላል። ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ጡንቻው ሲሟሽሽ ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እብጠቱ ፊትዎ ላይም ከታየ፣ ጠንካራ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ይህ የካርፓል ታነል ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን የደም ግፊትዎን ይለኩ።

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሰው ነኝ፣ ባሕር ዳር፤ ስኳር አለብኝ። ድጋፉን ሁለት ወር አድርጌ አልተሻለኝም። ሐኪሙ "እጅህ ላይ መርፌ እንውጋህ" አለኝ። ስቴሮይድ ስኳር ያወጣል ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ። ልወጋ?

መልስ፦ ፍርሃትዎ መሠረት አለው፤ ግን መልሱ "አይወጉ" አይደለም።

የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ወይም ተመጣጣኝ ትራያምሲኖሎን ነው። መርፌው የሚገባው በአንጓው እጥፋት አካባቢ፣ መሃል ላይ ከሚታየው ጅማት ወደ ትንሿ ጣት በኩል ነው፤ ነርቩ ከዚያ ጅማት ሥር ስለሚገኝ ለመሸሽ ነው። መርፌው ሲገባ ወደ ጣት የሚነዝር ኤሌክትሪክ ከተሰማዎ ችለው ዝም አይበሉ፤ ወዲያው ይንገሩ። መርፌው ነርቩን ነክቷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ሳይለቀቅ መውጣት አለበት። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ነው። አልትራሳውንድ እያዩ መውጋት በሚቻልበት ቦታ ይህን አደጋ ይቀንሳል።

ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ሰዓት ጣቶች ሊደነዝዙ ይችላሉ፤ አብሮ የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሕመሙ ሊጨምር ይችላል። እፎይታው ከጥቂት ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። የደም ስኳርዎ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሳምንት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ይለኩ፣ ከመርፌው በፊትም ሐኪምዎ የመድኃኒት ማስተካከያ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። አሁን ስኳሩ ከቁጥጥር ውጭ ከሆነ መጀመሪያ እርሱን አውርደው ይመለሱ። በጥቁር ቆዳ ላይ መርፌው ያረፈበት ቦታ ለወራት ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ምን ያህል ይጠቅማል? በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 20 ሚሊ ግራም መርፌን ከሌሊት ድጋፍ ጋር አነጻጽሮ በ6 ሳምንት መርፌው በልጦ ተገኘ፤ በ6 ወር ግን ልዩነት አልነበረም። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት 40 ወይም 80 ሚሊ ግራም የተወጉት በ10 ሳምንት ከባዶ መርፌ የተሻለ ቢሆኑም ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ኦፕራሲዮን ሠርተዋል። እንደኛ ግምት መርፌ ጊዜ ይገዛል፦ ለወሊድ፣ ለመኸር፣ ለፈተና፣ ለሠርግ። ለዘለቄታው የሚያድነው ግን ጥቂቱን ነው። አንድ መርፌ ጥሩ ሰርቶልዎ ከወራት በኋላ ከተመለሰ ያ ራሱ ጥሩ ዜና ነው፤ ምርመራው ትክክል እንደነበርና ኦፕራሲዮንም ሊጠቅምዎ እንደሚችል ያሳያል። ሁለተኛውም ካልዘለቀ ሦስተኛ ከመወጋት ቀዶ ሐኪም ማማከር ይሻላል።

የስኳር ሕመምተኛ እንደመሆንዎ የእግርዎ ጣትም ይደነዝዝ እንደሆነ ያጢኑ። እዚያም ካለ የስኳር የነርቭ ጉዳት ከካርፓል ታነሉ ጋር አብሮ አለ፤ ያኔ ከሕክምናው በኋላ የቀረው መደንዘዝ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይረዳል።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምንኖር ቤተሰብ ነን። አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ለብዙ ጊዜ "ይደነዝዘኛል" ሲሉ ቆይተው አሁን ሕመሙ ቆመ፤ ግን ሸሚዝ መቆለፍ፣ ሳንቲም ማንሳት አቃታቸው። አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋም ጎድጉዷል። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ብሏል፤ እሳቸው "ሕመሜ ጠፍቷል፣ ለምን ልቀደድ" ይላሉ። ምን ብዬ ልንገራቸው?

መልስ፦ ሕመሙ የጠፋው ስለተሻላቸው አይደለም። ነርቩ ማሰማት እያቆመ ነው። የማያቋርጥ መደንዘዝ፣ የዕቃ ከእጅ ማምለጥና የጡንቻ መሟሸሽ አንድ ላይ ሲመጡ ድጋፍና መርፌ የሚያስጠብቁበት ጊዜ አልፏል። ወራት በቆዩ ቁጥር የማይመለሰው ድርሻ ይጨምራል። እውነቱን መናገርም ይገባል፦ ኦፕራሲዮኑ የቀረውን ነርቭ ያተርፋል፤ የጠፋው ሥጋ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የተጎዳ የነርቭ ክር በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ስሜቱ ቢመለስ እንኳ ወራት ይፈልጋል። ይህን አስቀድመው ካወቁ በሁለተኛው ወር "አልሠራም" ብለው አያዝኑም።

ሥራው ከሚገምቱት በጣም ያንሳል። ክፍት በሚባለው ዓይነት መዳፍ ሥር ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይከፈትና የመተላለፊያው ጣሪያ የሆነው ማሰሪያ በቁመቱ ይቆረጣል። ነርቩ ራሱ አይነካም። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ በዚያው ቀን ቤት ይገባሉ። በብዙ ቦታ የሚደረገው ሙሉ ሰመመን ሳይሰጥ፣ ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር በቦታው ተወግቶ ነው። አድሬናሊኑ ደም ስለሚያስቆም ክንድን የሚያጠብቀው ቱርኒኬት አያስፈልግም፤ ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ 25 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። አባትዎ እያወሩ ይሠራል። በትንሽ ካሜራ የሚሠራውም አለ፤ ወደ ሥራ ለመመለስ ጥቂት ቀናት ያፋጥናል፤ ለጊዜው ነርቩን የማስቆጣት ዕድሉ ግን ትንሽ ከፍ ይላል። ከዓመት በኋላ ውጤታቸው ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ከዘዴው ይልቅ ሐኪሙ የትኛውን አዘውትሮ እንደሚሠራ ይጠይቁ።

የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ፤ በራሳቸው ግን አያቁሙ። ሁለቱም እጅ ከታመመ የባሰው ይቅደም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማሠራት ይቻላል፤ ግን በሳምንቱ መጸዳጃ ቤት የሚረዳቸው ሰው መኖሩን አስቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ነው ብዙ የሚበላሸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀን እጁ ከልብ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ሲተኙ በትራስ። ጣቶች ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ይንቀሳቀሱ፦ በየሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ጨብጦ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት፣ አሥር ጊዜ። ፈርቶ እጅን ማሰር ጣት ያደርቃል። ክሩ እስኪወጣ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ቁስሉ አይርጠብ። ስኒ ማንሳት በመጀመሪያው ሳምንት ይቻላል፤ የገበያ ፌስታልና ከባድ ዕቃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳውን በቫዝሊን በቀን ሁለት ሦስቴ ለ5 ደቂቃ አጥብቆ ማሸት ይለሰልሰዋል። መኪና መንዳት መሪውን ያለ ሕመም በድንገት ማዞር ሲቻል ነው።

የሌሊቱ መቀስቀስ ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይገላገላሉ። ከጠባሳው ግራና ቀኝ መዳፍ ሥር የሚሰማ ሕመም ግን ሲደገፉ ለ3፣ አንዳንዴም ለ6 ወር ይቆያል። ይህ የማሰሪያው መቆረጥ የሚያስከትለው ነው፤ የሥራ ስህተት አይደለም፣ ይጠፋል። የጭብጥ ኃይል በሁለት ሦስት ወር ይመለሳል። በአንጻሩ መቅላት፣ መግል፣ ትኩሳት፣ ወይም ከበፊቱ የባሰ አዲስ ድንዛዜ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። ምልክቱ ጨርሶ ካልተለወጠ ሦስት ነገር ይጣራል፦ ማሰሪያው እስከ ጫፉ አልተቆረጠ ይሆናል፤ ችግሩ አንገት ላይ ይሆናል፤ ወይም ሕክምናው ዘግይቶ ነርቩ አስቀድሞ በጣም ተጎድቶ ይሆናል።

አንድ ነገር ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ሁለቱም እጆች ታመው ከሆነና አብሮ የእግር ማበጥ ወይም ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ካለ፣ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በአንጓም በልብም ሊከማች ስለሚችል ልባቸው ይታይ። ካርፓል ታነሉ ከልቡ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ኮብልስቶን እጠርባለሁ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የሚደነዝዘኝ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ነው። ጓደኛዬ "ካርፓል ታነል ነው፣ ድጋፍ ግዛ" አለኝ።

መልስ፦ አይግዙ። የጠቀሷቸው ጣቶች የሚዲያን ሳይሆኑ የአልናር ነርቭ ናቸው። ይህ ነርቭ ክርን ላይ ከቆዳ ሥር በአጥንቱ ጎድጓዳ ያልፋል። ክርን ለረጅም ሰዓት ታጥፎ መዶሻ ሲነሳና ሲወርድ፣ ወይም ክርን ጠንካራ ነገር ላይ ተደግፎ ሲዋል እዚያ ይጨመቃል። ለዚህ የሚሆነው ሌሊት ክርንን ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ማድረግ ነው፤ ፎጣ ጠቅልለው ክርኑ ዙሪያ በልቅ ያስሩት። ቀን ቀን ክርንዎ ላይ አይደገፉ፤ መሮውን አጥብቀው ሳይሆን ልቅ አድርገው፣ በጓንት ይያዙ።

ሆኖም በእርስዎ ጉዳይ አንድ ነገር ሳይጣራ መታለፍ የለበትም። ሥጋ ደዌ ዛሬም በሀገራችን አለ፤ በብዛት የሚያጠቃውም ይህንኑ ነርቭ በክርን አካባቢ ነው። ሰውነትዎ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ የቆዳ ምልክት አለ ወይ? ከክርንዎ ጀርባ ያለውን ነርቭ በጣት ሲነኩት ከሌላኛው ወፍሮ እንደ ገመድ ይሰማል ወይ? ሳያውቁ የሚቃጠሉበት ወይም የሚቆስሉበት ጣት አለ ወይ? ከነዚህ አንዱ ካለ ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ይህንኑ ይናገሩ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ በጊዜ የተጀመረ እንደሆነ ጣቶች ሳይቆለመሙ ያልፋል። ነርቩ በቅርብ ጊዜ ደክሞ ከሆነ ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ሊጨምርበት ይችላል፤ ለዚህ ያለው ጊዜ ከ6 ወር ያነሰ ስለሆነ ድካሙ መቼ እንደጀመረ በትክክል ይንገሩት።